ለቅሶ የሚቀመጡበት ቤት

እሑድ፣ ኅዳር 6

ሐሙስ ነው አለችኝ። የፊታችን ሐሙስ።

መቅደስ ናት፤ ቤቱን የምትሸጥልኝ ልጅ። ከቅዳሴ ወጥቼ የሚያደርሰኝ መኪና ስጠብቅ ደወለች። «ጋሼ፣ ሐሙስ ክሎዚንግ ነው፣ መታወቂያህን እንዳትረሳ።» ክሎዚንግ የሚሉት ቤቱን ፈርሞ ማስረከብ ነው። መታወቂያህን አለች። ከዚያ «መታወቂያዎን ማለቴ ነው» አለች። እዚህ ያደገች ልጅ ናት፤ አልቀየምኳትም።

በአሥራ ዘጠኝ ነው ያልሽኝ አልኳት።

«አዎ፤ ሐሙስ አሥራ ዘጠኝ ነው እኮ።»

ዛሬ ስድስት ነው፣ ሐሙስ አሥር ነው አልኳት። «ውይ ጋሼ፣ በፈረንጅ ነው እኮ» አለች።

በፈረንጅ።

ቤት ገብቼ ግድግዳው ላይ የሰቀልኩትን የቤተ ክርስቲያን ካላንደር አየሁ። እኔ ነገሬን ሁሉ እዚያ ላይ ነው የማስቀምጠው። አሥራ ዘጠኝ ላይ በቀይ ከብቤዋለሁ። ገብርኤል ነው። ቤቱን በገብርኤል ዕለት አስረክባለሁ፣ ጥሩ ቀን ነው ብዬ ነበር። አሥራ ሁለት ላይ ሌላ ክብ አለ። ሚካኤል ነው፣ ቅዳሜ። የባለቤቴ የዘነበች ሙት ዓመት። መጀመሪያ ሙት ዓመቱን ከዚህ ቤት አወጣለሁ፣ ከዚያ ዕቃዬን እሰበስባለሁ፣ ከዚያ ቁልፍ እሰጣለሁ። እንዲህ ነበር የቆጠርኩት።

አሁን ቤቱ ሐሙስ ይሄዳል። ሙት ዓመቱ ቅዳሜ ይመጣል።

ሰው ተጠርቷል። ድንኳን እንዲተክል ለዕድሩ ተነግሯል። በጉ ከሚሸጥበት እርሻ ተይዟል። መምሬም አውቀዋል።

ጥፋቱ የኔ አይደለም። የሐበሻ ልጅ በአማርኛ ቀን ስትነግረኝ በማን አገር ልቁጠር?

ምሳዬን ቆሜ በላሁ። መናደድ ነበረብኝ። አልተናደድኩም። ሳህኔን አጥቤ ደፋሁት።

ሰኞ፣ ኅዳር 7፣ ሥላሴ

ሕይወት ካርቶን ይዛ መጣች። ልጄ ናት፤ ነርስ ናት፤ ደንዉዲ በሚባል ሰፈር አፓርትመንት አላት። ከዚህ ስወጣ የምገባው እሷ ዘንድ ነው። ይህንንም ደብተር የሰጠችኝ እሷ ናት። «ካልተናገርክ ጻፍ አባባ» ብላ። እጄ ፊደል አይወድም፤ ቢሆንም ይኸው።

የቀኑን ነገር ነገርኳት። ካርቶኑን መሬት ጣለችው። «ሙት ዓመቱን ቤተ ክርስቲያን አዳራሽ የያዝክ መስሎኝ! ሰው ሁሉ አዳራሽ አይደል የሚያደርገው?»

እናትሽን በአዳራሽ? አልኳት።

ካርቶኑን አነሳችው። ታውቃለች።

የማያውቅ ቢያነበው እዚህ ላይ ልጻፈው። እኛ ይህን ቤት የገዛነው ልጅ ትምህርት ቤት እንዲቀርበው አይደለም። ሣር ልናጭድም አይደለም። ድሮ አፓርትመንት ሳለን የዘነበች እናት አገር ቤት ሞቱ። ለቅሶ ተቀመጥን። ሰው መጣ፤ ደረጃው ላይ ሳይቀር ተቀመጠ። በሦስተኛው ቀን የአፓርትመንቱ ኃላፊ ጥበቃ አስከትሎ መጣ። ሰው በዛ፣ ጫጫታ ነው፣ መኪናው መንገድ ዘጋ፣ ተበተኑ አለ። ሰዉ የያዘውን ሳህን እያስቀመጠ ወጣ። ዘነበች ነጠላዋን አዘቅዝቃ ደረጃው ላይ ቆማ ሲሄዱ አየቻቸው። አላለቀሰችም። ማታ «ለቅሶ የሚቀመጡበት ቤት እንገዛለን» አለችኝ። ሌላ ምንም አላለችም።

እሷ ያኔ የሆቴል ልብስ ታጥባለች፣ በዚያ ላይ ቅዳሜና እሑድ ሌላ ሥራ። እኔ ኢስት ፖይንት የኤርፖርት ፓርኪንግ አውቶቡስ እነዳለሁ። ገዛን። ቤቱ ያለበት ኮንየርስ ከከተማው ሩቅ ነው አሉን። ለሚያለቅስ ሰው ሩቅ የለም አለች።

ከዚያ በኋላ ቤቱ ጠባብ የሆነበት ሁሉ፣ ሐዘን ሲደርስበት እኛ ሳሎን ነው የተቀመጠው። የማናውቀው ሰው ሳይቀር። ስንት ሰው አልቅሷል እዚህ። አምና ደግሞ ለራሷ ሆነ። አልጋ ላይ ሆና «አርባዬም ሙት ዓመቴም ከቤቴ ነው፤ የሰው ቤት እንዳትወስደኝ» ብላኛለች። እሺ ብያለሁ።

ታዲያ ለምን ሸጥክ ቢሉኝ፣ የቤቱን የባንክ ዕዳ፣ ሞርጌጁን፣ በሁለት ሰው ደሞዝ ነበር የምንከፍለው። በአንድ ሽማግሌ ጡረታ አይሄድም። ቢሆንም የአንድ ወር ክፍያ አላሳለፍኩም። ይጻፍ። በጸደይ ሕይወት መድኃኒቴን መግዛት እንዳቆምኩ አወቀችብኝ፤ ቤቱ ይሸጥ የተባለው ከዚያ በኋላ ነው።

አሥር ካርቶን ሞላች። እኔ አንዱን ሞላሁ። ምን እንደከተትኩበት አላስታውስም።

ማክሰኞ፣ ኅዳር 8

መቅደስ ጠዋት መጣች። ጫማዋን በር ላይ አወለቀች፣ አስተዳደግ አላት። ከሕይወት ጋር ጠረጴዛው ላይ ሆነው መላ ሲፈልጉ ዋሉ።

ክሎዚንጉን ወደ ሰኞ መግፋት። አይሆንም። ገዢው ሰይድ ወለዱን እንዳይጨምርበት ሎክ ያደረገው እስከ ዓርብ ነው፤ ካለፈ ከፍ ይልበታል፣ ከፍ ካለ ባንኩ አያበድረውም ይሆናል። የሚኖርበትንም አፓርትመንት ለቋል። ሦስት ልጅና አሮጊት እናት ይዞ መንገድ ላይ ይቀራል።

ሙት ዓመቱን መግፋት። አይሆንም። የሚመጣው ማክሰኞ የነቢያት ጾም ይገባል። ደግሞም ቀኑ ቀኑ ነው፤ የሞተችው በሚካኤል ነው።

አዳራሽ። ሕይወት ደወለች። በዓሉ ስለሆነ በሚካኤል ማኅበር ተይዟል።

ከዚያ መቅደስ «ጋሼ፣ ሬንት ባክ የሚባል አለ» አለች። ሐሙስ እፈርማለሁ፣ ግን እስከ እሑድ ለሰይድ ኪራይ ከፍዬ እቆያለሁ። ብዙ ሰው ያደርገዋል አለች።

ተከራይ? አልኳት። በዚህ ቤት?

«ለሦስት ቀን እኮ ነው፣ ላይክ፣ ወረቀት ላይ ብቻ።»

ከተከራይነት ሊያወጣን የገዛነውን ቤት ተከራይቼ ሙት ዓመቷን ላወጣ ነው? ተነስቼ ጓሮ ወጣሁ። ሁለቱም ከኋላዬ ምን እንዳሉ አልሰማሁም።

ይቺ መቅደስ በኔ ብዙ ችላለች። ሰው ቤቱን ለማየት ሲመጣ ወጣ ይበሉ ትለኝ ነበር። ገዢ ባለቤቱን ሲያይ ይሸማቀቃል አለች። እንግዳ ሲመጣ ባለቤት ቤቱን ጥሎ ይሄዳል እንዴ? አልወጣሁም። መጀመሪያ የመጡት ወጣት ፈረንጆች ነበሩ፣ ባልና ሚስት። ጠረጴዛ አሰናድቼ ጠበቅኳቸው። ሴትዮዋ ቁም ሣጥን ከፍታ ታያለች፣ እኔ ሳህን ይዤ እከተላታለሁ። ኢት፣ ኢት እላታለሁ። ሰውየው መታጠቢያ ቤቱን ሊያይ ገብቶ ቆለፈ። ሳይቀምሱ ሄዱ። በመስኮት ሳይ መቅደስ መኪናዋ ውስጥ ግንባሯን መሪው ላይ ደፍታለች።

ከዚያ ሰይድ ከሚስቱ ከዘሃራ ጋር መጣ። የወሎ ሰው ነው፣ የኤርፖርት ታክሲ ይነዳል። ስሙን ስለሰማሁ ሥጋ አላቀረብኩም፤ ሽሮና ምስር ነበር። ቤቱን ሳያይ እጁን ታጥቦ ተቀመጠ። ሚጥሚጣ ካለ አለኝ። ዘሃራ ክፍሎቹን አየች። የኋለኛው ክፍል ምንጣፍ ላይ አራት ጎድጓዳ ቦታ አለ፤ የሆስፒታሉ አልጋ እግሮች ናቸው፤ ብጠርገውም አልተነሳ። «ይሄ ምንድን ነው አባባ?» አለችኝ። ባለቤቴ ያረፈችበት ነው አልኳት። መቅደስ ከኋላ ሆና እጇን ታወናጭፋለች፤ እንዳልናገር ነው። ዘሃራ መዳፏን ዘርግታ ዱዓ አደረገች። ከዚያ ባሏን «ይሄ ለእናትህ ይሆናል፤ ሰው በሰላም የሄደበት ክፍል ነው» አለችው።

በማግስቱ እንገዛለን አሉ።

ረቡዕ፣ ኅዳር 9

ጾም ነው። ዕቃዬ ዛሬ ሄደ። ሕይወት መጫኛ መኪና ተከራይታ ሁለት የሥራ ባልደረቦቿን ይዛ መጣች። አልጋ፣ ቴሌቪዥን፣ የዘነበች ስፌት መኪና። ሶፋው አይገባም፤ ደንዉዲ ጠባብ ነው። ለሰይድ ይቅር አልኩ።

ሳሎኑ ባዶ ሲሆን ትልቅ ነው። ሳልነግረው ራሱ ሰው የሚጠብቅ ይመስላል።

ከሰዓት ሰይድ ራሱ መጣ። መቅደስ ነግራዋለች። በር ላይ ቆሞ አልገባም አለ፤ ታክሲው መንገድ ላይ ነው።

«ጋሼ፣ አብሽሩ። ነገ እንፈርማለን፣ ቁልፉን እሑድ ይሰጡኛል። ኪራይ ምናምን የሚባል ነገር የለም። እኛ ሦስት ቀን ዘመድ ቤት እንጠጋለን።»

አሮጊት እናትህን ይዘህ? አልኩት።

«ኧረ እሷ የትም ትተኛለች።»

አይሆንም አልኩት። የሸጥኩትን ሸጫለሁ። በፈረምኩ ሰዓት ቤቱ ያንተ ነው፤ በሰው ቤት አልደግስም። ባለቤቴ የሰው ቤት እንዳትወስደኝ ብላኛለች።

አንገቱን ደፋ። «እኔ ታዲያ ሰው ነኝ?» አለኝ። ሰው ማለት ባዕድ ማለቱ ነው። ሻይ እንኳ አላልኩትም፤ ማንቆርቆሪያው ሄዷል። እንግዳ ከዚህ ቤት ሻይ ሳይባል ሲመለስ የመጀመሪያው ነው።

ለታደሰ መደወል አለብኝ። የዕድሩ ዳኛ ነው፤ ድንኳኑና ወንበሩ በሱ እጅ ነው። ቀርቷል ልለው ነው። ለምን ቢለኝ? ወርቅነህ ቀን ተሳሳተበት ሊባል ነው። አርጅቷል ሊባል ነው።

ነገ እደውላለሁ።

ዛሬ ማታ ፍራሽ ዘርግቼ ሳሎን ነው የምተኛው። ሕይወት አብረን እንሂድ ብላ ለመነችኝ። እምቢ አልኳት።

ሐሙስ፣ ኅዳር 10

ተፈረመ።

ረጅም ጠረጴዛ ነው። በዚያ የምታፈራርመን ጠበቃ፣ በዚህ እኔና ሕይወት፣ ፊት ለፊት ሰይድና ዘሃራ፤ መቅደስ መሐል ላይ። ሰይድ ኮት ለብሷል። ትከሻው ላይ የልብስ መስቀያ ያለበት ነው የሚመስለው። ዘሃራ ልትስቅ ስትል እኔን አይታ ተወችው።

ጠበቃዋ ወረቀት ትገፋልኛለች፣ ጣቷን ታሳየኛለች፣ እፈርማለሁ። አንዱ ላይ የዘነበች ስም አለ፤ ከስሟ አጠገብ ሟች ይላል አለችኝ ሕይወት። እሱም ላይ ፈረምኩ።

እኔ በአማርኛ ነው የምፈርመው። ጠበቃዋ ቀና ብላ አየችኝ። መቅደስ ነገረቻት። ቤቱን ስንገዛም በዚሁ ነው የፈረምኩት። ያኔ ዘነበች ከጎኔ ሆና «ወ ተጋድማለች፤ ደክሟት ነው?» ብላ አሳቀችኝ። ፈረንጁ ምን ሆኑ ብሎ አየን።

ዛሬም ወ ተጋድማለች። አየኋት። ማንም ምንም አላለም።

ሲያልቅ ቁልፎቹን አወጣሁ። የፊት በር፣ የጓሮ በር፣ የፖስታ ሳጥን። የጋራዡን መክፈቻ ጨመርኩ። ሰይድ በጣቱ መልሶ ወደኔ ገፋው። «እሑድ ይስጡኝ።» እኔም መልሼ ገፋሁት። ሁለተኛ ገፋው። ጠበቃዋ እንደ ዳማ ጨዋታ ታየናለች። እኔ ተነሳሁ። ቁልፉ እሱ ጋ ቀረ።

መኪና ውስጥ ሕይወት «አባባ፣ ለምንድን ነው እንዲህ የምትሆነው?» አለችኝ። አለቀሰች። እየነዳሽ አታልቅሺ አልኳት።

ለታደሰ አልደወልኩም። ስልኩን አንስቼ ስሙ ላይ ደርሼ ነበር።

ለባንኩ ከእንግዲህ በየወሩ አልከፍልም። ዕዳ የለብኝም። ቀላል ይለኛል ብዬ ነበር። ጥርስ ተነቅሎ ሐኪሙ ያደነዘዘው ድድ ነው የሆንኩት። ሰው በጣቱ ቢነካው ያውቀዋል፤ አይሰማውም።

ዓርብ፣ ኅዳር 11

ደንዉዲ። አራተኛ ፎቅ። ክፍሌ ጥሩ ነው። መስኮቱ መኪና ማቆሚያ ያሳያል። ካላንደሩን ይዤ መጥቼ ነበር፣ ሰቀልኩት።

ጠዋት ስልኩን አነሳሁ፣ አስቀመጥኩ። ሕይወት ሥራ ሄዳለች። ለመምሬ ብቻ ደወልኩ፤ ፍትሐቱ በጠዋቱ ቤተ ክርስቲያን ነው፣ እሱ አይቀርም። «ከዚያ ወደ ቤት እንመጣለን» አሉኝ። እሺ አልኳቸው። እሺ! ወደ የትኛው ቤት? ምን እንደነካኝ አላውቅም። ለነገ ሰው ሁሉ ቤቴ ሊመጣ ነው፣ ቤት የለኝም፣ እኔ ደግሞ መስኮት ላይ ቆሜ ሰው መኪና ሲያቆም አያለሁ።

ከሰዓት ስልኬ ጮኸ። ሰይድ ነው።

«ጋሼ፣ እዚህ ሰዎች መጥተው ድንኳን እየተከሉ ነው።»

ዛሬ ዕቃውን እያገባ ነበር ለካ። ልጆቹ፣ ፍራሹ፣ አሮጊቷ፣ ሁሉም ግቢው ውስጥ ናቸው። በመሐል ታደሰ የዕድሩን መኪና ይዞ ደርሶ ሣሩ ላይ ብረት መደርደር ጀመረ።

ጥፋቱ የኔ ነው አልኩት። ከአፌ ወጣ። ንገራቸውና አስነሳቸው አልኩት።

«ምን ብዬ ነው የማስነሳው? ብረቱን ይዤላቸው ነው ያለሁት፤ በአንድ እጄ ነው የማናግርዎት። የደወልኩት ለሱ አይደለም። የድንኳኑ አፍ ወዴት ይዙር? ወደ መንገዱ ነው ወደ ጋራዡ? ሰውየው ይሄን የሚያውቀው ወርቅነህ ነው አለኝ።»

ወደ ጋራዡ አልኩት። ነፋሱ ከመንገድ ነው የሚመጣ፤ ወደ መንገድ ካዞራችሁት ሲነፍስ ይነሳል። ምግቡም በጋራዡ በኩል ነው የሚወጣው።

«ወደ ጋራዡ!» ብሎ ጮኸ ለሰዎቹ።

ይህን ከተናገርኩ በኋላ ነው የገባኝ። እሺ ማለቴ ነበር።

ታደሰ ስልኩን ነጠቀው። «አንተ ወርቅነህ! ቤት ሸጠህ፣ ለቀህ፣ ለኔ አይነገርም? ሰውዬው ከቤት ሲወጣ ሌባ መስሎኝ አንቄው ነበር! ማን ነህ ስለው ባለቤቱ ነኝ ይለኛል። ባለቤቱን እኔ አውቀዋለሁ አልኩት። ሚስቱ ባትመጣ ብረቱን ባናቱ ላይ ላሳርፍለት ነበር።» ከኋላ ዘሃራ ስትስቅ ይሰማኛል። «ምን ሆነህ ነው?» አለኝ ታደሰ፤ ድምፁን ዝቅ አድርጎ።

ቀን ተሳሳትኩ አልኩት።

«እሱስ እኔም ሚስቴን የዛሬ ዓመት ሐኪም ቤት ያለ ቀጠሮዋ ወስጃታለሁ፤ በሐበሻ ቆጥሬ። እና ይሄ ይደበቃል?»

ዘጋው።

በጉን እነታደሰ እርሻው ድረስ ሄደው አምጥተዋል። ሰይድም ለነሱ ሰዎች ሌላ ያርዳል፤ ድስቱም ጭልፋውም ለየብቻ። ይህን ማታ ሕይወት ነገረችኝ። ከዘሃራ ጋር ሲደዋወሉ ውለዋል። እስከዚያ ለኔ የነገረኝ የለም፤ እኔም ለማንም አልነገርኩ።

ቅዳሜ፣ ኅዳር 12፣ ሚካኤል

ፍትሐቱ ሆነ። ከዚያ ወደ ኮንየርስ። ሕይወት መንገድ ዳር ፓርክ አደረገች፤ ግቢው በመኪና ሞልቷል።

እኔ በፊት በር ገብቼ አላውቅም፣ ሁልጊዜ በጋራዥ ነው። አሁን መክፈቻ የለኝም። በጋራዥ በኩል ያሉትም ሴቶቹ ናቸው፣ ድስት እያወጡ ነው። በፊት በር ሄድኩ። በሩ ገርበብ ብሎ ነበር፤ ግን ዝም ብዬ አልገባሁም። ደወሉን ተጫንኩ። ድምፁን ከውጭ ስሰማው የመጀመሪያዬ ነው።

ዘሃራ መጣች። «ኧረ ይግቡ አባባ፣ ይግቡ፣ ምን ያስደውልዎታል!» የራሴ ሶፋ ላይ አስቀመጠችኝ። ቦታውን አዙራዋለች፣ ከመስኮቱ ወደ ግድግዳ። እዚያ ይሻላል። ይህን ያህል ዘመን አልታየኝም ነበር።

መቀመጥ አልቻልኩም። ተነስቼ ትሪ ይዤ ወደ ድንኳኑ ልወጣ ስል ከእጄ ወሰደችው። «ኧረ በአላህ! እንግዳ ይሠራል እንዴ?» ታደሰ ከበር ሆኖ «ተይው፣ እሱ ካልታሰረ አይቀመጥም» አላት። ሰው ሳቀ። ተቀመጥኩ። ቆርሰው ሰጡኝ። ብሉ እንጂ፣ ምነው አነሱብዎ፣ ይጨመር አሉኝ። እኔ ለሰው የምለውን ሁሉ አሉኝ።

ሰው ብዙ ነው። ድንኳኑ አልበቃ ብሎ ሳሎኑ ሞላ፣ ደረጃው ሞላ። በዚህ በኩል የኛ ሰዎች፣ በዚያ በኩል የሰይድ ሰዎች፤ ከድሮው አፓርትመንታቸው የመጡ ናቸው። ዘነበችን የማያውቁ ሰዎች ነፍስ ይማር አሉኝ። ማንም መጥቶ ተበተኑ አላለም። ሁለት ጊዜ በሩን አየሁ፣ ማንም አልመጣም።

የኋለኛውን ክፍል ሳላየው ልሄድ ነበር። እግሬ ወሰደኝ። የሰይድ እናት ፍራሽ ላይ ተቀምጠው መቁጠሪያ ይቆጥራሉ። በጣም አርጅተዋል። ጎድጓዳዎቹ አሁንም አሉ፤ ፍራሹን ከነሱ ወዲህ ነው ያነጠፉት።

«ባልየው አንተ ነህ?» አሉኝ። አንተ አሉኝ፤ በሳቸው ዕድሜ ይችላሉ።

እኔ ነኝ አልኳቸው።

«ትናንት አብሬያት አደርኩ። ደግ ናት። አልከለከለችኝም።»

በሩን ይዤ ቆምኩ። ሕይወት ከሳሎን ጠራችኝ፤ መምሬ ሊመርቁ ነው። በሩን ለቅቄ ሄድኩ።

ሲመሽ ሰው ተሰናበተ። እኔም ተሰናበትኩ። በዚህ ቤት ሁልጊዜ የምሸኘው እኔ ነኝ፤ እንግዳን እስከ ፖስታ ሳጥኑ ድረስ እሸኝና እዚያ ቆሜ እጄን አነሳለሁ። ዘነበች «ሳጥኑን ካለፍክ አብረህ ሄድክ ማለት ነው» ትለኝ ነበር። ዛሬ ሰይድ ሸኘኝ። ሳጥኑ ጋ ስደርስ ቆምኩ፣ ይበቃል፣ ተመለስ አልኩት። አልተመለሰም። መኪናው ድረስ መጣ፣ በሩን ከፍቶልኝ ዘጋልኝ። «መንገዱን ያውቁታል፣ እንዳይጠፉ» አለኝ።

ሳጥኑን አልፌ ሄድኩ።

እሑድ፣ ኅዳር 13

ቅዳሴ አልሄድኩም፤ ጉልበቴ አበጠ። ሕይወት በረዶ አሰረችልኝ። የተረፈውን ወጥ ዘሃራ ቋጥራ ልካለች፣ የኛን በሰማያዊ ክዳን፣ የነሱን በነጭ። እንዳይቀላቀል ፎቶ አንስታ ወደ ሕይወት ስልክ ሳይቀር ልካለች።

ካላንደሩን አየሁት። አሥራ ሁለት ላይ ያለው ክብ አለፈ። ሆነ፣ ከቤቷ ነው የሆነው። ቤቱ የማን እንደሆነ አልጠየቀችኝም፤ ብትጠይቀኝ እንዴት እንደምመልስላት እያሰብኩ ነው። የሰው ቤት አልወሰድኩሽም እላታለሁ። እውነት ይመስለኛል።

የአሥራ ዘጠኙ ክብ ግን አለ። በቀይ ስለሆነ አይጠፋም። የፊታችን ቅዳሜ ነው። ለዚያ ቀን ያሰብኩት ሁሉ አስቀድሞ ሆኗል፤ ተፈርሟል፣ ቁልፍ ተሰጥቷል፣ ዕቃ ወጥቷል። ቀኑ ባዶውን ነው የቀረው።

ገብርኤል ነው። አስቀድሳለሁ። ከቅዳሴ በኋላ ሕይወት ሥራ ናት። ኮንየርስ የሚሄደው አውቶቡስ ከየት እንደሚነሳ አላውቅም። ድሮ አያስፈልገኝም ነበር።

ታደሰን እጠይቀዋለሁ። ወይም አልጠይቀውም።